የእንግሊዝ ዐመለኛ ቤተሰብ ጎንደር ሲገባ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፦ የቆዩ የእንግሊዝ አስቂኝ ልቦለዶችን፣ በተለይ ዐመለኛ ቤተሰብ የነገሠባቸውን፣ በዛሬይቱ ጎንደር እንደ አዲስ መተረክ። ሌላውን ለሚቀጥለው አቆይተን ዓምዱን ለእነሱ ለቀናል። የውጭ መጻሕፍት ዓመት በፈረንጆች፣ የአገራችን ሕግ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ «ዘ ፐርሱት ኦፍ ላቭ» ውስጥ አጎትየው ልጆቹን እንደ አውሬ በውሻ ያድናል። እኔ ውሻውን በበቅሎ ቀይሬ፣ ሰውዬው ልጆቹን ከቁስቋም ቁልቁል ሲያባርራቸው ጻፍኩ። ያነበበው ሁሉ «ይሄ ሰውዬ ጨካኝ ነው» አለኝ እንጂ አንድም የሳቀ የለም። ምን አጠፋሁ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ በቅሎዋ ጥፋት የለባትም። በናንሲ ሚትፎርድ መጽሐፍ (1945) አጎት ማቲው አራት አዳኝ ውሾች አሉት፤ ሁለት ልጆች ቀድመው ይሮጣሉ፣ ውሾቹ ሽታቸውን ይከተላሉ፣ እሱ በፈረስ ከኋላ ይመጣል። ልጆቹ ግን ይህን ቀን የሚጠብቁት እንደ በዓል ነው። እርስዎ በላኩልን ገጽ ላይ ልጆቹ የሚታዩት ሲሮጡ ብቻ ነው። ከሩጫው በፊት ግማሽ ገጽ ይጨምሩና «ዛሬ የምታደነው እኔ ነኝ፣ አንተ ባለፈው ቅዳሜ ታድነሃል» ተባብለው ይጣሉ። ጭካኔው ጨዋታ የሚሆነው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የጠለቀ ነው። እኛ ዘንድ «ዐመል ያወጣል ከመሐል» ይባላል። በእነዚህ ልቦለዶች ግን ዐመለኛው ከመሐል አይወጣም፤ ቤቱ የእሱ፣ መሬቱ የእሱ፣ መንደሩም የእሱ ነውና ማን ያውጣው? አጎት ማቲው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስምንት ጀርመኖች የገደለበትን የምሽግ መቆፈሪያ ከምድጃው በላይ ሰቅሎ ይኖራል፤ አውርደው የሚለው የለም። የእርስዎ ሰውዬ ግን ባለ በቅሎ ነው እንጂ ሌላ ምንም አልተነገረንም፤ አንባቢ ደግሞ ወዲያው «ጎረቤት የለም እንዴ? ሽማግሌ የለም እንዴ?» ይላል።

ኢንድያ ናይት ይህንኑ መጽሐፍ በ2022 «ዳርሊንግ» ብላ ወደ ዘመናችን ስታመጣው ጌታውን በሌላ ጌታ አልተካችውም። ኖርፎክ በሚባል ገጠር የተቀመጠ፣ መድረኩን የተወ የሮክ ሙዚቀኛ አደረገችው። ባላባትነቱ የሰጠውን ነፃነት አሁን ዝናና ገንዘብ ይሰጡታል። ልጆቹን ከዓለም የሚለያቸውም ያው ገጠር ነው። መልኩም ገንዘቡም ተቀይሮ ሥራው ግን እንዳለ ነው።

ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር በአንድ በአንድ መስመር ይጻፉ፦ ከመሐል እንዳይወጣ የያዘው ምንድን ነው፣ የማያፈርሰው ሕጉ ምንድን ነው፣ የሕጉን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው። ለምሳሌ ጡረታ የወጣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ይውሰዱ። ካርታው በስሙ ነው፣ ጡረታው በየወሩ ይገባል፤ ማንም አያወርደውም። ሕጉ፦ ቤቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት «ይነሳል»። ቁርስ ላይ ሰው ይቆጥራል፤ የጎደለ መናኸሪያ ቀርቷል፣ እስከ ምሳ ስሙ አይጠራም። እንግዳ ትርፍ ነውና በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ነገረኛዋ አማት በመስኮት ብቅ ስትል «ትራፊክ!» ይባላል፣ እንግዳው ጎንበስ ይላል። ዋጋውን የሚከፍለው እንግዳው ነው፤ በተለይ ሴት ልጃቸውን ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ ከሆነ።

ጥያቄ፦ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ውስጥ ቤቱ ለሴት ልጆቹ ሳይሆን ለሩቅ ወንድ ዘመድ ይተላለፋል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ይህ ከወጣ ደግሞ ታሪኩ ይናጋል። (ከማራኪ)

መልስ፦ የለም፣ ኖሮም አያውቅም ማለት ይቻላል። በጎንደር ርስት በአባትም በእናትም የዘር ሐረግ የሚጠየቅ ነበር፤ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም (ቁጥር 842) ልጆችን ወንድ ሴት ሳይል እኩል ያወርሳል። ስለዚህ የሌለ ሕግ አይፍጠሩ፤ የአራዳ ነገረ ፈጅ አንብቦት ይስቅብዎታል፣ እርስዎ በፈለጉት ቦታ አይደለም እንጂ።

የጄን ኦስተን ታሪክ (1813) የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት ከእጁ ሊወጣ እንደሆነ እያወቀ፣ እንደማያውቅ ሆኖ መኖሩ። ከርቲስ ሲተንፌልድ በ2016 «ኤሊጂብል» ላይ ሲንሲናቲ ከተማ አስገብታው የውርሱን ሕግ በሕክምና ዕዳና ባልተጠገነ አሮጌ ቤት ተካችው። አባትየው ልቡን ታመመ፣ የሆስፒታል ሂሳብ መጣ፣ ቤቱ እየፈረሰ ነው፣ እናትየዋ ግን መግዛት አላቆመችም።

ለጎንደር የምንመክረው ያልተከፋፈለ የውርስ ቤት ነው። አሠራሩ ይህ ነው፤ አያት ሳይናዘዙ ያርፋሉ፣ አራት ልጆች ይወርሳሉ። አንዱ ከነሚስቱና ከነሴት ልጆቹ ቤቱ ውስጥ ይኖራል፣ ሦስቱ ውጭ አገር ናቸው። የሚኖርበት ሙሉ ቤት ነው፤ የእሱ ግን ሩቡ ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዷ ድርሻዬን ካለች ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ቤቱ በዓይነት የማይከፈል ከሆነ ይሸጥና ገንዘቡ ይከፈላል። አሁን አንድ ሰው ውክልና ይዞ ይመጣል፤ ትሑት፣ ቃላት አሳማሪ፣ ቡናውን ሦስተኛ ሳይጠጣ የማይነሳ። በየጨዋታው መሐል ሜትር አውጥቶ ሳሎኑን ይለካል። ኮሊንስዎን፣ በመጽሐፉ ቤቱን የሚወርሰውን ያንን ሩቅ ዘመድ፣ አገኙ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። በመጽሐፉ ውስጥ ኮሊንስ ዘመድ ነው፣ ግን ከልጆቹ አንዷን ለጋብቻ ይጠይቃል። ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር የሥጋ ዘመዱን ያጨ ገጸ ባሕርይ አያስቅም፤ አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ ያማትባል። ስለዚህ ውክልና ያዡን የውጪዪቱ አክስት የእንጀራ ልጅ ያድርጉት። ቤቱን ሊያሸጥ ይችላል፣ ደም ግን የለውም፤ እናትየዋም ገና ከበር ሲገባ ዘሩን ቆጥራ ጨርሳለች።

የኋላ ታሪክ ካስፈለገ በሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ አለልዎት። ሌላው ቤት ሁሉ ሲወረስ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረ። አያትየው ፒያሳ ያለውን ባለ ውሃ ቤት ትተው ዳገት ላይ ያለውን ያስቀሩት «ከዚህ ግንቡ ይታያል» ብለው ቢሆን፣ የልጅ ልጆቹ በየፈረቃው ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ ግንቡን እያዩ ነው።

ጥያቄ፦ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ውስጥ ያሉት አምስቱም ሴት ልጆች የግድ ናቸው? (ከዚያው)

መልስ፦ አይደሉም። በ2004 አምሪትሳር ላይ የተሠራው የሕንድ ዐይነት ፊልም በአራት ጨርሶታል። ከሦስት በታች ግን አይውረዱ፤ የእናትየዋ ጭንቀት በቁጥር የሚያድግ ነው።

ጥያቄ፦ ከክፍሏ የማትወጣ አክስት አለችኝ፤ «ኮልድ ኮምፈርት ፋርም» ላይ ካለችው የተወሰደች። ለጓደኞቼ ሳነብላቸው «ጠበል ለምን አይወስዷትም?» አሉኝ። ሳቁ ጠፋ፣ ሐዘን ሆነ። (ከቀበሌ 18)

መልስ፦ ጓደኞችዎ ልክ ናቸው። ጎንደር ውስጥ ክፍሏን ዘግታ የተቀመጠች ሴት መጀመሪያ የምትታየው እንደ ሕመምተኛ ነው፤ ጠበል፣ ዛር፣ ዓይነ ጥላ ሳይነሳ ሁለተኛው ገጽ አይደርስም። አንባቢ አንዴ ካዘነ ደግሞ መልሰው አያስቁትም።

የስቴላ ጊበንስ አሮጊት (1932) ልጅ ሳለች እንጨት ማከማቻው ውስጥ አንድ ክፉ ነገር አየሁ ባይ ናት። ያየችው ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አይነገርም። ነገር ግን የእርሻው ገንዘብና ሂሳብ በእጇ ነው፣ ምግቧን በደንብ ትበላለች፣ አንድ ዘመድ እንኳ ከቤቱ ልሂድ ሲል «ያ ያየሁት ነገር» ይነሳባታል። ሕመሟ ሥልጣኗ ነው፤ የሚያስቀውም ይኸው ነው።

ስለዚህ የእርስዎ አክስት በመጀመሪያ በምትታይበት ገጽ ላይ ጤነኛነቷን በሂሳብ ያስመስክሩ። በር ላይ የቆመችውን ሠራተኛ፣ በሩን ሳትከፍት፣ «በርበሬው ሁለት ኪሎ ነው ያልሽው? የወፍጮ ቤቱ ሚዛን መቶ ግራም ይበላል፤ መልሰሽ ውሰጂው» ትበላት። ጠበሉን አይሽሹት፤ ራሷ ታንሳው። ሌላውን ሰው ሁሉ ጠበል ሂዱ የምትል፣ ማን ስንት ቀን እንደሚጠመቅ በደብተር የያዘች አክስት ከሆነች የጓደኞችዎ ጥያቄ በሩ ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ንግግሩ ደረቅ ሆነብኝ። እንግሊዞቹ በትሕትና የሚነካከሱበት ነገር በአማርኛ ሲመጣ ወይ ስድብ ወይ ስብከት ይሆናል። (ከፒያሳ)

መልስ፦ እንግሊዝኛ ለባልም፣ ለሎሌም፣ ለውሻም አንድ «ዩ» ብቻ ስላለው ንቀቱን በዐረፍተ ነገር ርዝመትና በቃል ምርጫ ይደብቀዋል። እርስዎ ያንን ርዝመት ሲተረጉሙ ነው ስብከት የሚሆነው። አማርኛ ሥራውን በግስ መጨረሻ ላይ ይጨርሰዋል፤ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ። ያለን ምርጥ መሣሪያ ይህ ሆኖ ሳለ ብዙ ጸሐፊ ሳያስብበት ያልፈዋል።

መጀመሪያ ሰንጠረዥ ይሥሩ። ስድስት ሰው ካለዎት 15 ጥንድ አለ፤ እያንዳንዱ ጥንድ በሁለት አቅጣጫ ስለሚጠራራ 30 ውሳኔ ነው። ሚስት ባሏን አንቱ ትላለች፣ እሱ አንቺ ይላታል? ልጆቹ አባታቸውን አንቱ፣ እናታቸውን አንቺ ይላሉ? ከተማ ያደገው የወንድም ልጅ «እርስዎ» ሲል የቤቱ ልጆች «አንቱ» ይላሉ? ይህን ሳይወስኑ ከጀመሩ ገጽ 3 ላይ አንቱ የነበሩት አባት ገጽ 9 ላይ አንተ ይሆናሉ፤ ከሚላኩልን ረቂቆች በብዛት የምናገኘው ስሕተት ይህ ነው። አንባቢው ጠብ የተፈጠረ ይመስለዋል።

ሰንጠረዡ ከጸና በኋላ አውቀው ያፍርሱት። 19 ዓመት የሆናት ልጅ አምሽታ ስትገባ እናቷ ቁጣዋን በአክብሮት ትገልጸዋለች፦

«እሜቴ፣ ደኅና አመሹ? መንገዱ አላስቸገረዎትም? ይቀመጡ እንጂ። እኔማ ምን ሥራ አለኝ፣ እግርዎን ልጠብልዎት?»

ብልኋ ልጅ ይህን ስትሰማ ከበሩ ንቅንቅ አትልም። ሞኟ እህቷ ግን ትቀመጣለች፣ ጫማዋንም ታወልቃለች። እንግሊዛዊው ደራሲ አንድ ገጽ የሚፈጅበት ነገር ነው። አባትየው ሚስታቸውን ሳታውቅባቸው የሚያሾፉበት ትዕይንትም በዚሁ ይሠራል፤ ሁልጊዜ አንቺ የሚሏት ሰውዬ ድንገት «እመቤት፣ እንደ ፈቀዱ» ሲሉ እሷ ክብር መስሏት ነጠላዋን ታስተካክላለች።

በተራኪው ግስም ይጠንቀቁ። ተራኪዋ ልጅ ከሆነች «አባባ ከአጥሩ ዘለው ጎመኑ ላይ ወደቁ» ትበል። «ወደቀ» ካለች ንቀት ነው፤ «ወደቁ» ካለች ግን ክብሩና ጎመኑ አንድ ላይ ይወድቃሉ። ለሴት ልጅ በፍቅር «አንተ» ማለትም አለ፤ ለአንዲት ልጅና ለአንድ ሰው ብቻ ይቆጥቡት፣ ለምሳሌ ለአጎቷ። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ አጎትየው አንድ ጊዜ «አንቺ» ካላት አንባቢው እንዳዘነባት ሳይነገረው ያውቃል።

ጥያቄ፦ ይህን አንቀጽ ጽፌ ማንም አልሳቀልኝም፦ «ጋሼ በጣም አስገራሚና እብድ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ሁሉም ይስቅባቸው ነበር። ቤት ውስጥ እንኳ ጃንጥላ ዘርግተው ይቀመጡ ነበር። ይህም በጣም ያስቅ ነበር።» (ከአውቶፓርኮ)

መልስ፦ ጃንጥላው ጥሩ ነው። ችግሩ አንባቢው ሊስቅ ሲል ተራኪው ቀድሞት ሦስት ጊዜ መሳቁ ነው፦ «አስገራሚ»፣ «ይስቅባቸው»፣ «ያስቅ»። እንዲህ ቢሆንስ፦

«ጋሼ ጃንጥላቸውን የሚያጥፉት ለሁለት ነገር ነው፤ ለቁርባንና ለፎቶግራፍ። ሳሎን ሲቀመጡ ትንሹ ወንድሜ ሁልጊዜ በቀኛቸው ነው፤ በግራ በኩል አንድ ሽቦ ወጥቷል። እንግዳ ሲመጣ እማዬ ‹ይጠጉ› ትላለች። ጃንጥላው ሥር ለገባ ቡና ይቀርባል፤ ላልገባ ውሃ።»

የተለወጠውን እንይ። ሳቅን የሚጠሩ ቃላት ሁሉ ወጥተዋል። «ቤት ውስጥ እንኳ» የሚለው መገረም ጠፍቷል፤ ተራኪዋ እዚያ ቤት ስላደገች አትገረምም። ልማዱ ሕግ ሆኗል፣ ሕጉም ሁለት ልዩ ሁኔታዎች አሉት። ቤተሰቡ ራሱን ከጃንጥላው ጋር አስማምቷል፤ የልጁ መቀመጫ የተወሰነው በሽቦው ነው። መጨረሻ ላይ እንግዳው ተፈተነ። እንግዳ የሌለበት ዐመለኛ ቤተሰብ አያስቅም፤ ከውጭ የመጣ አንድ ጤነኛ ዓይን ያስፈልጋል። ጊበንስ «ኮልድ ኮምፈርት ፋርም» ላይ ፍሎራን፣ ወላጆቿ ሞተው በዓመት 100 ፓውንድ ብቻ የቀራትን ልጅ፣ ወደ ዘመዶቿ የላከቻት ለዚሁ ነው።

ጃንጥላውን መጽሐፉ ውስጥ ስንት ጊዜ ያምጡት? ሦስት ይበቃል፤ ሦስተኛው ላይ ሥራ ይሥራ። ጣሪያው ያፈሰሰ ቀን ጋሼ ብቻ ደርቀው ይቀመጡ፣ ማንም አንድ ቃል አይተንፍስ።

ጥያቄ፦ ወጣቶቹ የሚተያዩበትን የእንግሊዝ የዳንስ ድግስ በምን ልተካው? ጥምቀትን አስቤ ነበር። (ከአዘዞ)

መልስ፦ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለበት አገር ላይ ሌላ ምን ይታሰባል? ግን ጥር 10 እና 11 የፋሲል መዋኛ ዙሪያ ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ የሁለት ሰው ሹክሹክታ አይሰማም፤ የዳንሱ ትዕይንት ደግሞ የሚኖረው በሹክሹክታ ነው። ጥምቀትን ለመተያየት ብቻ ይጠቀሙበት። ለንግግሩ የለቅሶ ቤት ድንኳን ይሻላል፤ ሰው ሁሉ ተቀምጧል፣ መሳቅ ክልክል ነው፣ ንፍሮ ይዞራል፣ እናቶች ከማዶ ሆነው ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ ያያሉ። ልጆቹ ምስጢር የሚያወሩበት ሙቅ ጓዳ ከፈለጉም እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ማድ ቤቱ አለ፤ መብራት ከሄደ ምስጢሩም ሊጡም መሐል ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ማንን ማስፈቀድ አለብኝ? (ከማራኪ)

መልስ፦ ለኦስተን ማንንም ማስፈቀድ የለብዎትም፤ ያረፈችው በ1817 ነው። ለሌሎቹ ዕድሜ ይቆጠራል። በእኛ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱ ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ በእንግሊዝ 70 ዓመት ነው። ሚትፎርድ ያረፈችው በ1973 ስለሆነ እዚያ እስከ 2043 መጨረሻ የተጠበቀ ነው፤ ጊበንስ ያረፈችው በ1989 ስለሆነ በሁለቱም ስሌት ገና ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚለቁት ከሆነ ረጅሙን ይያዙ። ሐሳብ ብቻውን አይጠበቅም፤ «መኝታ ክፍሏ ሆና ቤት የምትገዛ አክስት» የማንም አይደለችም። ትዕይንቱን በተራው፣ ንግግሩን በቃሉ፣ ሰዎቹን ከነስማቸው ከወሰዱ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው የሚላከው ለመጽሐፉ አሳታሚ የመብት ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ አጎቴ ራሳቸውን ያገኙበታል ብዬ ፈራሁ። (ስም አልተጻፈም)

መልስ፦ ስማቸውን መቀየር አይበቃም። ሥራቸውን፣ ሠፈራቸውንና የልጆቻቸውን ቁጥር ይቀይሩ፤ ከተቻለ አክስት ያድርጓቸው። ከዚያ ዐመላቸውን ለሌላ ገጸ ባሕርይ ሰጥተው ለእሳቸው የጎረቤታቸውን ዐመል ያልብሷቸው። ሲያነቡት «ይሄማ ያ ጎረቤቴ ነው!» ብለው ለሰው ሁሉ ያዞሩልዎታል።